የአክስቴ ኪኒን ለጎረቤታቸው ለምን አይሆንም፦ «ስሙን አትጠይቅ» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ባለፈው እሑድ ከፍኖተ ሰላም አክስቴ ደወሉልኝ። ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ። የዝናቡን፣ የከብቱን፣ የልጆቹን ጨርሰን ወደ ዋናው ጉዳይ ገቡ። «መጠኑን ሲቀንሱልኝ የተረፈች የዓይን ኪኒን አለችኝ» አሉኝ። «ጎረቤቴም ሬቲናሽ ተቆጥቷል ተብላ ተቀምጣለች። አንድ በሽታ ነው አሉ። ላካፍላት ወይ?»

«አንድ በሽታ ነው ያለዎት ማን ነው እትዬ?»

«ልጁ ከስልኩ አነበበልኝ። የተማረ ሰው የጻፈው ነው አለኝ።»

ጽሑፉን አውቀዋለሁ። በዚያው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። ርእሱ «ሬቲናህ ከተቆጣ ስሙን አትጠይቅ፣ መድኃኒቱን ጠይቅ» ይላል። ርእሱ ይጥማል፣ አልዋሽም። አጻጻፉም ያምራል፤ ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። ግን አክስቴ ኪኒን ሊያካፍሉ ከተነሡ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፤ ጎጃም ውስጥ በአንዲት ከተማ የዓይን ክፍል እሠራለሁ። የሬቲና ስፔሻሊስት አይደለሁም። ሥራዬ በአብዛኛው መነጽር መለካት፣ ሞራ መለየት፣ ከዚያ ደግሞ ይኼኛው ዛሬውኑ ባሕር ዳር ይሂድ፣ ያኛው እዚሁ ይታከም ብሎ ከባልደረቦቼ ጋር መወሰን ነው። ስለ ስም እንድጨነቅ ያደረገችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ሥራ ናት።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አምስት ነገር ይላሉ። ሬቲና ላይ የሚነሣ ብግነት፣ መቆጣት ማለት ነው፣ በአሥር ስም ይጠራ እንጂ ሥሩ አንድ ነው፣ ሰውነት በራሱ ላይ መነሣቱ ነው፤ ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን ሁሉንም ያበርዳል። ዓይን ካልቀላና ካላመመ ብግነት የለም። መለየት የግድ ካስፈለገ የደም ምርመራ ይበቃል። መድኃኒት ተሰጥቶ እይታ ከተሻሻለ ምርመራው ልክ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻም፣ በትክክል መለየት የሚቻለው በውድ ማሽን ብቻ ስለሆነና ማሽኑ ደግሞ ገጠር ስለማይገኝ፣ የእኛ አገር ሰው በስም ልቡን አያድርቅ። ሐሳባቸው ይኼ ነው። ያሉትን ያጣመምኩ ከመሰላቸው ያርሙኝ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ ለክፋት የጻፉትም አይመስለኝም። እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ «ድሃውን በስም ክምር አታደናግሩት» ሲሉ ከልቤ ተስማምቻለሁ። የማልስማማው መደናገርን ለማስቀረት ብለው ልዩነቱን ራሱን ሲያጠፉት ነው።

የመጀመሪያውን ነጥብ በሰፊው ልያዘው፤ የቀሩት ሁሉ የቆሙት በእሱ ላይ ነው።

ሬቲና የዓይናችንን የውስጥ ጀርባ የሸፈነች ስስ መጋረጃ ናት። ብርሃን የምትቀበለው እሷ ናት። ከሥሯ ኮሮይድ የሚባል በደም ሥር የተሞላ ንጣፍ አለ። ከፊቷ ደግሞ የእንቁላል ነጩን ክፍል የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ አለ። ሬቲና ስትቆጣ የምታሳየው ምልክት ብዙ ዓይነት አይደለም፤ ነጭ ወይም ቢጫማ ነጠብጣብ፣ እብጠት፣ የፈሳሹ መደፍረስ፣ የደም ሥሮች መቆጣት፣ አንዳንዴ ደም። ጠላቷ ግን ብዙ ነው። ጥገኛ ተሕዋስያን አለ፣ ቫይረስ አለ፣ ባክቴሪያ አለ፣ የራሷ ዘበኛ ያበደባትም አለ። ሁሉም ሲያጠቋት የምትጮኸው በዚያችው በአንድ ድምፅ ነው።

ለጎጃም ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። የዋሸራና የጎንጅ አገር ነን። ሰሙ አንድ ሆኖ ወርቁ ሌላ የሚሆንበትን ቅኔ ስንሰማ ነው ያደግነው። ጸሐፊው ሰሙን አይተው ቅኔውን ፈታሁት ብለዋል።

አሁን አክስቴንና ጎረቤታቸውን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም ፈቅደውልኛል፣ ስም አልጠራም።

አክስቴን የጀመራቸው ራስ ምታት ነው። ከዚያ ጆሯቸው ይጮህ ጀመር። በቀናት ውስጥ ሁለቱም ዓይናቸው ደበዘዘ። ሐኪሙ ብሌናቸውን አስፍቶ ሲያይ በሁለቱም ዓይን ከሬቲና ሥር ፈሳሽ ተቋጥሯል። ይህ በሽታ ቪኬኤች ይባላል፤ ፊደሎቹ የሦስት ሐኪሞች ስም ናቸው፣ ቮግት፣ ኮያናጊ፣ ሐራዳ። የሰውነት መከላከያ ቀለም ሰጪ ሴሎችን ጠላት አድርጎ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ቀለም ያለው ዓይን ውስጥ ብቻ ስላልሆነ ጆሮውን፣ ቆዳውን፣ ፀጉሩንም ይነካል። ቆይቶ ቆዳ ላይ ለምጽ፣ ሽፋሽፍት ላይ ሽበት የሚያመጣውም ለዚህ ነው። ለዚህ በሽታ ፕሬድኒሶሎን ቶሎና በከፍተኛ መጠን ተጀምሮ በወራት ቀስ እየተባለ ይቀነሳል፤ ብዙ ጊዜ ሌላ መድኃኒትም ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ጸሐፊው መቶ በመቶ ልክ ናቸው። ስቴሮይድ የአክስቴን ዓይን አትርፏል።

ጎረቤታቸውስ? ወረቀታቸውን ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ። አንድ ዓይን ብቻ ነው። ራስ ምታት የለም፣ ጆሮ አልጮኸም። ጉም የመሰለ ነገር ዓይናቸው ፊት ይንሳፈፋል። ሐኪሙ የጻፈው፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ አሮጌ ጠባሳ፣ ከእሱ ጥግ ላይ ደግሞ አዲስ ነጭ ቁስል፣ ፈሳሹም የደፈረሰ። ይህን ሥዕል የዓይን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በጉም ውስጥ የመኪና መብራት እንደማየት ነው ይሉታል፤ ክረምት ላይ በጮቄ በኩል በሌሊት የተጓዘ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የቶክሶፕላዝማ ቁስል ነው። ቶክሶፕላዝማ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከድመት ዓይነ ምድር ወይም በደንብ ካልበሰለ ሥጋ ይገባል፣ ሬቲና ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና ከድሮው ጠባሳ ጫፍ ይነሣል።

አሁን የአክስቴን ኪኒን ለእሳቸው እንስጥ እንበል። ስቴሮይድ ምን ያደርጋል? የሰውነትን መከላከያ ያስራል። ቪኬኤች ማለት የቤቱ ውሻ አብዶ ልጆቹን መንከስ ሲጀምር ነው፤ አፉን ማሰር ነው ያለብህ። ቶክሶፕላዝማ ማለት ግን ሌባ ገብቶ ውሻው እየጮኸ ነው። በዚያ ሌሊት የውሻውን አፍ ብታስር ለማን ሠራህ? ተሕዋሱን የሚገታ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኮትሪሞክሳዞል፣ ሳይኖር ስቴሮይድ ብቻውን ሲሰጥ ቁስሉ የሬቲናን ሰፊ ክፍል በልቶ ሊሄድ ይችላል። ስቴሮይድ ለቶክሶፕላዝማ ፈጽሞ አይሰጥም አላልኩም፤ ይሰጣል፣ ግን ከጸረ ተሕዋሱ ጋር፣ በሐኪም ዓይን ሥር። ቁስሉ ትንሽና ከማየት ማእከሉ የራቀ ከሆነ፣ ሰውየውም ጤነኛ ከሆነ፣ ያለ ምንም መድኃኒት በክትትል ብቻ የሚድንበትም ጊዜ አለ።

ሦስተኛ ሰው እንጨምር። አልማዝ ባለጭራ የሚያመጣው ቫይረስና ከንፈር ላይ «ምች» የምንለውን የሚያወጣው ቫይረስ ሬቲና ውስጥም ሊነሡ ይችላሉ። ከዳር ይጀምራሉ። ነጫጭ ቦታዎቹ እየተገናኙ ሬቲናን ዙሪያዋን ይከቧታል፣ የደም ሥሮቿ ይዘጋሉ፣ ሥጋዋ ይሞታል፣ በኋላም እንደ አሮጌ ሸማ ተቦጫጭቃ ከቦታዋ ትነቀላለች። ይህን በሽታ ኡራያማና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። እዚህ የሚቆጠረው ሳምንት አይደለም፣ ቀን ነው። የሚያስፈልገው አሲክሎቪር የሚባለው ጸረ ቫይረስ ወይም የእሱ ወገን ነው፤ ካልተሰጠ ሁለተኛውም ዓይን በሳምንታት ውስጥ ሊከተል ይችላል። ይህንን በሽተኛ ፕሬድኒሶሎን ብቻ ሰጥቶ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ» ማለት በገዛ እጅ ማሳወር ነው።

አራተኛው ቂጥኝ ነው። ሬቲና ላይ ቢጫማ ሰፊ ምልክት ያወጣል፣ ሌላውን በሽታ ሁሉ መምሰል ያውቅበታል። መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው፤ ዓይን ከገባ አንጎል እንደገባ ተቆጥሮ በደም ሥር ለ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። አምስተኛው ቲቢ ነው። ይሄኛው በተለይ ያስቸግራል። ከሬቲና ሥር እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሰርፒጂነስ የሚባል ብግነት አለ፣ መድኃኒቱ መከላከያን ማብረድ ነው። ቲቢም ልክ እሱን የሚመስል እባብ ይሠራል፣ መድኃኒቱ ግን የቲቢ መድኃኒት ነው። ልዩነታቸው ምንድን ነው ብትሉ፣ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከዓይን ነርቭ ዙሪያ ተነሥቶ ሳይቆራረጥ ይሄዳል፣ ፈሳሹም ያን ያህል አይደፈርስም። የቲቢው ግን እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይነሣል፣ ዳር ድረስ ይደርሳል፣ ፈሳሹን ያደፈርሳል። ቲቢ በበዛበት አገር ይህን ሳይለዩ መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት መጀመር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማንም መንገር አያስፈልግም።

አምስት በሽታ፣ አምስት መድኃኒት። አንዱ ስቴሮይድ ነው። በአራቱ ላይ ስቴሮይድ ብቻውን ሲሰጥ ይጎዳል። «ስሙን አትጠይቅ» የሚለው ምክር የቱ ጋ ሊቆም ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመንላቸው። ጸሐፊው በስም ክምር ሲያሾፉ የጠቀሱት ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጡትን በሽታዎች ነው። እውነት ነው፣ እነዚያ ስሞች ለእኛም ምላስ ያስራሉ። አንዳንዶቹ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 እንደተገለጸው በወጣት ሴቶች አንድ ዓይን ላይ እንደሚወጣው ብዙ ነጭ ነጠብጣብ ያለው በሽታ፣ በሳምንታት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ይድናሉ። ሌላው፣ በርድሾት የሚባለው፣ ኤችኤልኤ ኤ29 ከሚባል የዘር ምልክት ጋር የተያያዘ ነው፣ በብዛትም የሚታየው በአውሮፓ ዘር ሰዎች ላይ ነው። የቢቸና ገበሬ ስለ በርድሾት ባይጨነቅ እኔም አልከፋም። ግን እዚያም ቢሆን መለየቱ ይጠቅማል፤ በራሱ ለሚድን በሽታ ለወራት ስቴሮይድ ውጦ ስኳርና ግላኮማ ይዞ መመለስ ምን ትርፍ አለው?

ሁለተኛው ነጥብ፣ ያልቀላና ያላመመ ዓይን አልተቆጣም የሚለው፣ አጭር መልስ ይበቃዋል። ሬቲና የሕመም ነርቭ የላትም። የሚቀላውና የሚያመው ብግነቱ ወደ ፊተኛው የዓይን ክፍል ሲመጣ ነው። ሲኤምቪ የሚባለው ቫይረስ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያ ሴሎቹ ቁጥር ከ50 በታች ሲወርድ ሬቲናን ደምና ነጭ እያቀላቀለ ይበላል፤ ዓይኑን ከውጭ ብታየው ግን ሰላም ነው፣ ነጭ፣ ንጹሕ። ሰውየው «ትንሽ ጭረት ይታየኛል» ብሎ ነው የሚመጣ።

በነገራችን ላይ ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በእኛ አካባቢ የዓይን በሽታ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ትራኮማን ነው፤ አማራ ክልል በትራኮማ ከተጎዱት የዓለም አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ አይፈረድም። ትራኮማ ያቀላል፣ ይቆረቁራል፣ ሽፋሽፍት ያጣምማል። ግን ሬቲና ጋ አይደርስም፤ የቴትራሳይክሊን ቅባትም እንደዚያው። ስንት ሰው አይቻለሁ፣ እይታው ከውስጥ እየጠፋ ለወር ያህል ቅባት ሲቀባ የከረመ። ከፋርማሲ የሚገዛው ዴክሳ የሚባል የስቴሮይድ ጠብታም ለኋላኛው የዓይን ክፍል እዚህ ግባ የሚባል ነገር አያደርስም፤ የዓይን ግፊት መጨመርና ሞራ ማምጣት ግን ይችልበታል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የትንሽ ልጅ ብሌን ነጭ ሆኖ ካበራ፣ ባያለቅስም ባይቀላም፣ ቀን አይጠበቅለትም። ከውሻ የሚመጣ ትል የሠራው እብጠት ሊሆን ይችላል፤ የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ ግን ይገድላል።

ሦስተኛው የደም ምርመራ ነው። «ቶክሶ ፖዘቲቭ ከወጣ ቶክሶ ነው፣ አለቀ» ይላሉ ጸሐፊው። አላለቀም።

በአገራችን የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ለቶክሶፕላዝማ ከተመረመሩት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት አይጂጂ የሚባለው ምልክት በደማቸው አለ። ጥሬ ሥጋ እንበላለን፣ ድመቱ ከመሶብ ሥር ይተኛል። ታዲያ መንገድ ላይ አሥር ጤነኛ ሰው አቁመን ብንመረምር ብዙዎቹ ፖዘቲቭ ይወጣሉ። ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ምርመራው የሚለው «ይህን ተሕዋስ አንድ ቀን አግኝቼዋለሁ» ነው እንጂ «ዛሬ ዓይኔን የሚበላኝ እሱ ነው» አይደለም። አክስቴም ቢመረመሩ ፖዘቲቭ ሊወጡ ይችሉ ነበር፤ ያኔ በጸሐፊው ስሌት ቪኬኤቹ ተረስቶ ለቶክሶ ሊታከሙ ነው። ለቲቢ ክንድ ላይ የሚወጋው የማንቱ ምርመራም እንዲሁ ነው፤ ቲቢ በበዛበትና ልጅ ሁሉ ቢሲጂ በሚከተብበት አገር ክንድ ላይ ያበጠ ሁሉ ዓይኑ ውስጥ ቲቢ አለ ማለት አይደለም።

የምርመራው ጥቅም ሲገለበጥ ነው ደስ የሚለው። የቶክሶ አይጂጂ ኔጌቲቭ ከወጣ፣ ያ ነጭ ቁስል ቶክሶ የመሆኑ ነገር በጣም ያጠራጥራል፤ ሌላ ፈልግ ማለት ነው። ቂጥኝ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ሬቲናው የተቆጣ ሰው የቂጥኝ ምርመራው ፖዘቲቭ ከሆነ አብዛኛው ሐኪም ሳያመነታ ያክማል፤ ቢሳሳት የሚጠፋው የፔኒሲሊን ዋጋ ነው፣ ካልታከመ ግን የሚጠፋው ዓይን ነው። እንግዲህ አንዱን ወረቀት አንድ ጊዜ አምነን አንድ ጊዜ የምንጠራጠረው፣ ወረቀቱን ከዓይኑ ጋር አብረን ስለምናነበው ነው። ለዚህ ነጥብ የምለቅላቸው ነገር ቢኖር፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ለማንኛውም የሬቲና ብግነት ይታዘዝ ቢሉ ኖሮ አጨበጭብ ነበር። ርካሽ ነው፣ ብዙ ጤና ጣቢያም አለ።

አራተኛው ከሁሉም ያሳሰበኝ ነው፤ ትክክል ስለሚመስል። መድኃኒቱ ከተሻለው በሽታው እሱ ነበር ይላሉ። ዶሮ ጮኾ ነጋ፣ ዶሮው ግን አላነጋውም።

በሦስት መንገድ ሊያታልል ይችላል። አንደኛው፣ ቅድም እንዳልኩት በራሱ የሚድን በሽታ አለ፤ ኪኒኑን ብትውጥም ጠበል ብትጠመቅም ዝም ብለህ ብትቀመጥም ይድናል፤ የሚመሰገነው ግን የመጨረሻ የተሰጠው ነገር ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ቶክሶ ያለበት ሰው ስቴሮይድ ብቻ ሲወስድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊሻለው ይችላል፣ የደፈረሰው ፈሳሽ ስለሚጠራ። «አየሁ፣ ጠራልኝ!» ይላል። ጭሱ ቀነሰ እንጂ እሳቱ ከሥር ሣር ቤቱን እየበላው ነው። ጭሱ ሲመለስ ሣሩ አልቋል። ሦስተኛው፣ አንዳንድ የዓይን ሊምፎማ፣ ካንሰር ማለቴ ነው፣ ብግነት መስሎ ይመጣል። በስቴሮይድ ጥቂት ይሻለዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሻለዋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ እንዲህ ያለ «ብግነት» ሲመላለስ ሐኪሞች የሚጠረጥሩት ለዚህ ነው። እንዲያውም ስቴሮይዱ ሴሎቹን ስለሚያሳሳቸው ናሙና ሲወሰድ ማግኘት ያስቸግራል። መሻሻል ማስረጃ ሊሆን ቀርቶ ማስረጃ ያጠፋል ማለት ነው።

አምስተኛው፣ ማሽን የለንም የሚለው። ይህ ላይ ሆዴም ይከፋል፣ እልኬም ይነሣል።

ሆዴ የሚከፋው እውነት ስላለበት ነው። የሬቲናን ንብርብር የሚያሳየው ኦሲቲ፣ ቀለም በደም ሥር ሰጥቶ ፎቶ የሚያነሣው ምርመራ፣ ከዓይን ፈሳሽ ቀድቶ የቫይረሱን ዘር የሚፈልገው ፒሲአር፣ እነዚህ የሞጣ ወይም የቡሬ ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚያገኛቸው አይደሉም። ሲደርስም ገንዘቡ አለ፣ የመኝታው አለ፣ አብሮ የሚሄደው ሰው ከእርሻ መቅረቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ለ25 የዩቪያይተስ (የዓይን ውስጥ ብግነት) ዓይነቶች የወጡት ዓለም አቀፍ መመደቢያ መስፈርቶችም ለአንዳንዶቹ በሽታዎች እነዚህን ምርመራዎች ይጠቅሳሉ። ማሽኑ ቢመጣልን እልል ብዬ ነው የምቀበለው።

እልኬ የሚነሣው ግን፣ ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ አትለዩ» ሲሉ ነው። ቮግት ስለዚያ በሽታ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፣ ሐራዳ በ1926፣ ኮያናጊ በ1929። ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሣው ፎቶ የመጣው በ1961፣ ኦሲቲ በ1991። እነዚያ ሐኪሞች ምን ነበራቸው? ሄልምሆልትዝ በ1851 የሠራት የዓይን ማያ መሣሪያ ዘመዶች፣ ጆሯቸውና ትዕግሥታቸው። የቫይረሱን የሬቲና መሞት ለመለየት የአሜሪካ የዩቪያይተስ ማኅበር በ1994 ያወጣው መስፈርትም የተመሠረተው በሚታየው ገጽና በበሽታው አካሄድ ላይ ነው፤ ቫይረሱ ተገኘ አልተገኘ አይልም። የፒሲአር ውጤት እስኪመጣ አሲክሎቪር ሳይጀመር አይቆይም። ስለዚህ ብሌን ማስፊያ ጠብታ፣ መብራት፣ እና ጥያቄ። እነዚህ ጎጃም ውስጥ አሉ።

ጥያቄ የሚያደርገውን አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቢቸና በኩል አንድ አባት መጡ። ግራ ዓይናቸው ድሮ የጠፋ ነው፣ የመጡት ቀኙ ደብዝዞባቸው ነው። ከሬቲናው ሥር ፈሳሽ አለ፣ ልክ እንደ አክስቴ። ባልደረባዬ ቪኬኤች ነው አለ። ሥዕሉ ቁርጥ እሱ ነው፣ እኔም ተስማማሁ። ከዚያ እንደ ዋዛ «አያ፣ ያኛው ዓይንዎ ምን ነክቶት ነው?» አልኳቸው።

«እሱማ ያኔ ነው የፈሰሰ። ፍልጥ ስፈልጥ ስንጣሪው ወጋኝ።»

ነገሩ ተገለበጠ። አንዱ ዓይን ሲበሳ መከላከያው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን የዓይን ሥጋ ይተዋወቃል፣ ከሳምንታት ወይም ከዓመታት በኋላም ጤነኛውን ዓይን ያጠቃል። ሉዊስ ብሬይል በሦስት ዓመቱ አባቱ ሥራ ቤት አንድ ዓይኑን በወስፌ ተወግቶ ሁለተኛውንም ያጣው በዚህ እንደሆነ ይታመናል። በሬቲና ላይ ሁለቱ በሽታዎች መንታ ናቸው፤ ኦሲቲ ቢኖረን እንኳ ያው ፈሳሽ ነበር የሚያሳየን። የለያቸው አንድ ጥያቄ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ «የሁለቱም መድኃኒት ስቴሮይድ አይደለም ወይ?» ሊሉኝ ይችላሉ። አዎ፣ መጀመሪያው አንድ ነው፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን አባታችን ክትትላቸው ከተጎዳውም ዓይን ጋር ነው፤ ለሰፈሩም የሚነገር ነገር አለ፦ የተበሳ ዓይን ቢጠፋም ባይጠፋም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፣ የሚያሰጋው ሁለተኛው ነውና።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፣ ምንም ገንዘብም አያስወጡም። አንድ ዓይን ነው ሁለት? በቀን ነው በወር የመጣ? ጆሮ ጮኾ ነበር? አልማዝ ባለጭራ ወጥቶ ያውቃል? አፍ ውስጥ የሚመላለስ ቁስል አለ? እሱ ካለ ቤሄት የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ቱርካዊው ሐኪም የጻፈውን በሽታ ማሰብ ነው። ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ? ኤችአይቪ ተመርምረሃል? በየጥያቄው ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሁለት ስም ይወድቃል። ባሕር ዳር የሚደርሰው በሽተኛ እነዚህ መልሶች በሪፈር ወረቀቱ ላይ ተጽፈውለት ከሄደ እዚያ ያለው ሐኪም ግማሽ መንገድ ተሄዶለታል። የእኛ ወረቀት ግን ስንት ጊዜ «የእይታ መቀነስ» ብሎ ብቻ እንደሚሄድ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ይህ የራሳችን ጥፋት ነው፣ ጸሐፊው ባይሉትም እኔው ልበለው።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ። ጽሑፋቸውን ያጥፉ አልልም። «መድኃኒቱን ጠይቅ» የምትለዋን ይተዉአት፣ «ስሙን አትጠይቅ» የምትለዋን ግን ያውጡልኝ። ስሙ ሳይታወቅ መድኃኒቱ ከየት ይመጣል?

ለአክስቴ መልሼ ደወልኩ። ኪኒኗን ለማንም እንዳይሰጡ፣ የራሳቸውንም በድንገት እንዳያቋርጡ፣ የተረፈችውን በቀጠሯቸው ቀን ይዘው ሄደው ለሐኪሙ እንዲያሳዩ ነገርኳቸው። ጎረቤታቸውም ማክሰኞ የመጀመሪያውን መኪና ይዘው እንዲሄዱ፣ አሮጌውንም አዲሱንም ወረቀት እንዳይረሱ። ውሻውንና ሌባውን ስነግራቸው ሳቁ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣

«እኔስ» አሉኝ፣ «ስስታም እንዳትለኝ ብዬ ነበር እኮ።»